የውቅያኖሱ ስምጥ ሸለቆ

እ.ኤ.አ. በ1952 መገባደጃ ላይ፣ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን፣ የሃድሰንን ወንዝ ቁልቁል በሚያይ ገደል አፋፍ በተሠራ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ማሪ ታርፕ የተባለች የ32 ዓመት ሴት ስድስት ረጃጅም ሥዕሎችን አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድራ ትመረምር ነበር። እያንዳንዱ ሥዕል የሰሜን አትላንቲክን ወለል ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚያሳይ አንድ መስመር ነው። መስመሩ ሲወጣ ተራራ፣ ሲወርድ ሸለቆ። እነዚህን ስድስት መስመሮች ለማውጣት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቶባታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአትላንቲክ መካከል የተራራ ሰንሰለት መኖሩ ያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። «ቻሌንጀር» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር፣ በረጅም ገመድ ጫፍ ክብደት እያሰረች ጥልቀቱን ለክታ፣ የውቅያኖሱ መካከል ከግራና ቀኙ ከፍ ያለ መሆኑን አግኝታለች። ግን አንድ ልኬት ሰዓታት ይፈጅ ነበርና ካርታው ላይ የሰፈሩት ነጥቦች እጅግ ጥቂት ናቸው። ከ1925 እስከ 1927 ደግሞ «ሜቴዎር» የተባለችው የጀርመን መርከብ በደቡብ አትላንቲክ ስትመላለስ ገመዱን ትታ በድምፅ መለካት ያዘች። ከመርከቧ የተለቀቀው ድምፅ ወለሉን መትቶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ይቆጠራል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ጥልቀቱ 4,000 ሜትር በሆነበት ቦታ ማሚቶው ለመመለስ ከአምስት ሰከንድ ጥቂት ያልፋል። ሜቴዎር በዚህ መንገድ ሰንሰለቱ ሰፊና ወጣ ገባ መሆኑን አሳየች። ያም ሆኖ የሰንሰለቱ አናት ምን እንደሚመስል በዝርዝር ያየ አልነበረም። ብዙዎቹ ሊቃውንትም የውቅያኖስ ወለል በአመዛኙ ሜዳ ነው፣ ደለል የተኛበት፣ ምንም የማይሆንበት ቦታ ነው ብለው ያስቡ ነበር።

ማሪ የምትሠራበት ቤት የአንድ የባንክ ባለጸጋ መኖሪያ ነበር። ባለጸጋው ቶማስ ላሞንት ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ቤቱንና ግቢውን ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። ዩኒቨርሲቲውም በ1949 የላሞንት ጂኦሎጂ ምርምር ተቋምን አቋቋመበት። ወጥ ቤቱ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሆነ፣ መኝታ ክፍሎቹ ቢሮ ሆኑ። ተቋሙን የመሠረተው ሞሪስ ዩዊንግ የሚባል የቴክሳስ ተወላጅ የፊዚክስ ሰው ነው። ዩዊንግ መረጃ የመሰብሰብ ጥማት ነበረው፤ መርከብ ባሕር ላይ እስካለ ድረስ ሌት ተቀን መለካት አለበት ብሎ ያምናል። በ1953 «ቬማ» የተባለች ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ለተቋሙ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ቬማ በየውቅያኖሱ ስትዞር ኖረች። የመለኪያ መሣሪያውም ያለ ምሕንድስና አይሆንም ነበር። የመርከብ ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የመቅጃው ሰዓት ስለሚዛባ ጥልቀቱም አብሮ ይሳሳታል። የላሞንት መሐንዲሶች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህን ችግር የፈታ መቅጃ ሠሩ፤ ስሕተቱ ከሦስት ሺህ አንድ እጅ በታች ወረደ። በአምስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ማሪ ግን መርከብ ላይ አልነበረችም። በዚያ ዘመን ሴት በምርምር መርከብ አትሳፈርም ነበር። ልኬቱን ከባሕር የሚያመጣው የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሄዘን ነው፤ ከአይዋ የመጣ፣ በዕድሜ በአራት ዓመት የሚያንሳት የዶክትሬት ተማሪ። እሱ ይለካል፣ እሷ ትስላለች። ቁጥር ወደ ሥዕል መቀየር ለማሪ ከልጅነት የመጣ ነገር ነው። አባቷ ለአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የአፈር ካርታ የሚሠራ ሰው ስለነበር፣ ቤተሰቡ ከግዛት ግዛት ሲዞር እሷም የአባቷን የመስክ ሥራ እያየች አደገች። ጂኦሎጂ ለመማር በሩ የተከፈተላት ወንዶቹ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመዝመታቸው ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል ያን ጊዜ ሴቶችን ተቀበለ። ተመርቃ በኦክላሆማ አንድ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ስትቀጠር ወደ መስክ መውጣት አልተፈቀደላትም፤ ጊዜዋን ለሒሳብ አዋለችና በዚያ በሒሳብ ዲግሪ ያዘች። በ1948 ሥራ ፍለጋ ዩዊንግ ዘንድ ስትቀርብ፣ ጂኦሎጂና ሒሳብ የተማረችን ሴት ምን ላይ እንደሚያውላት ግራ የተጋባው ሰውዬ መሣል ትችል እንደሆነ ጠየቃት። ትችል ነበር።

እናም በ1952 ሄዘንና ሌሎች ከ1946 ጀምሮ፣ በዋናነት «አትላንቲስ» በተባለችው መርከብ የሰበሰቡትን ልኬት ሁሉ አንድ በአንድ እየተከታተለች በስድስት መስመር አሰፈረችው። ከፍታው ጎልቶ እንዲታይ ከወርዱ 40 እጥፍ አጉልታ ሣለችው። ከዚያ ስድስቱን ደርድራ ስታስተያይ አንድ ነገር ዓይኗ ውስጥ ገባ። ተራሮቹ እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፤ በአንዱ መስመር ላይ ያለው ጉልላት በሌላው ላይ የለም። ነገር ግን በሰንሰለቱ አናት፣ ልክ በመካከሉ፣ መስመሩ ድንገት ወደ ታች ተሰብሮ ተመልሶ ይወጣል። በተለይ በሰሜን በኩል ባሉት ሦስቱ መስመሮች ላይ ስብራቱ በግልጽ ይታያል፣ ከመስመር መስመርም ይገጥማል። ተራራው አናቱ ላይ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁም ውስጥ ጥልቅ ሸለቆ ይሄዳል። ማሪ ይህን ስምጥ ሸለቆ ነው አለች፤ መሬት ለሁለት ተስባ ስትከፈት የሚፈጠረው ዓይነት።

ሄዘን አልተቀበላትም። የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው፤ ተመልሳም እንድትሠራው አደረገ። አባባሉ ያስቆጣል፤ ፍርሃቱ ግን ምክንያት ነበረው። የባሕር ወለል መካከሉ ላይ እየተከፈተ ከሆነ አሜሪካና አፍሪካ እየተራራቁ ነው ማለት ነው። ይህን ያለው ሰው ደግሞ አልፍሬድ ቬገነር ነበር። ጀርመናዊው ቬገነር በ1912 አህጉራት ቀድሞ አንድ ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ ብሎ ተናገረ፤ በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሕይወቱ ሲያልፍ ሐሳቡ በአሜሪካ ሊቃውንት ዘንድ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። በ1950ዎቹ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቬገነርን ሐሳብ እቀበላለሁ ማለት ለወጣት ተመራማሪ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዩዊንግም ከሐሳቡ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበር። ማሪ ብዙ አልተከራከረችም፤ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ መስመሮቿን ማብዛት ቀጠለች።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ጠረጴዛ ነው። ከማሪ ጎን ሃዋርድ ፎስተር የሚባል፣ መስማት የተሳነው፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ምሩቅ ወጣት ይሠራ ነበር። ሄዘን የሰጠው ሥራ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ በነጥብ ማስፈር ነው። ሥራው ለቤል የስልክ ኩባንያ ላቦራቶሪ ነበር። በውቅያኖስ ሥር የተዘረጋ የስልክና የቴሌግራፍ ገመድ በመንቀጥቀጥና መንቀጥቀጡ በሚያስነሣው የጭቃ ናዳ ስለሚበጠስ፣ ኩባንያው ገመዱን የት መዘርጋት እንደሌለበት ማወቅ ፈልጓል። ፎስተር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን በትዕግሥት አሰፈረ። ሄዘን ሁለቱ ካርታዎች በአንድ ሚዛን እንዲሣሉ አድርጎ ነበርና፣ አንዱ ከሌላው ላይ ተደርቦ ከሥሩ ብርሃን በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነገሩ ታየ። በአትላንቲክ መካከል ያሉት የመንቀጥቀጥ ነጥቦች ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም። ማሪ በሣለችው ሸለቆ ውስጥ ተሰልፈዋል።

ይህን ቦታ ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ማሪ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አልጠየቀችም፤ ፎስተር ስለ ሸለቆ አያውቅም፤ ኩባንያው ስለ አህጉራት ግድ የለውም። ሦስቱ በየራሳቸው ጉዳይ ተጠምደው ሳለ ነጥብና መስመር አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። እንዲህ ያለው መገናኘት የሚፈጠረው የተለያየ ሥራ የያዙ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። የምርምር ተቋም ከመርከቡና ከመሣሪያው በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነጥቦቹ መሪ ሆኑ። በአትላንቲክ ሸለቆውና መንቀጥቀጡ አብረው ከሄዱ፣ ልኬት ባልተደረገባቸው ውቅያኖሶችም መንቀጥቀጡ ያለበትን ተከትሎ ሸለቆውን መገመት ይቻላል። ማሪና ሄዘን የነጥቦቹን መስመር ይዘው ከአትላንቲክ ወደ ደቡብ ወረዱ፣ አፍሪካን ዞረው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ገቡ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፈው ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ዘለቁ። መስመሩ ግን ባሕሩ ዳርቻ ላይ አልቆመም። ጅቡቲ ላይ ከውሃ ወጥቶ ወደ የብስ ገባ፤ በአፋር በኩል አልፎ የኢትዮጵያን ስምጥ ሸለቆ ይዞ ወደ ኬንያ ቁልቁል ነጎደ።

ከባሕር በታች የተደበቀውን ነገር በዓይን ማየት የሚቻልበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ስምጥ ሸለቆ በ1893 በኬንያ የጎበኘው እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ ገና ቀደም ብሎ፣ ሸለቆው በወንዝ የተቦረቦረ ሳይሆን መሬት ተሰንጥቃ መካከሏ የሰጠመበት መሆኑን አስረድቷል። በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የወረደ ወይም ከአርሲ ደጋ ሆኖ ወደ ሐይቆቹ ያየ ሰው የሚያውቀው ቅርጽ ነው። ግራና ቀኝ ከፍ ያለ ደጋ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ገደል፣ ከሥሩ ሰፊ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የገሞራ ኮረብታና ፍል ውሃ። ማሪና ሄዘን የምሥራቅ አፍሪካን ሸለቆ ከጎን የሚያሳይ መስመር አውጥተው ከአትላንቲኩ ጋር አስተያዩት፤ ተመሳሰለ። የባሕር ውስጡ ሸለቆ የመለኪያ ስሕተት እንዳልሆነ ሄዘንን ካሳመኑት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ማሪ በመጀመሪያ ከተናገረች ወደ አንድ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

ዩዊንግና ሄዘን ግኝቱን በ1956 አሳተሙ። ሰንሰለቱ በውቅያኖሶች ሁሉ የሚያልፍ አንድ ተያያዥ ነገር ነው፤ ዛሬ ርዝመቱ 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይታወቃል፣ በምድር ላይ ከዚህ የሚረዝም የተራራ ሰንሰለት የለም። በጽሑፉ ላይ የማሪ ስም አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ሄዘን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርግ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሃሪ ሄስ የጂኦሎጂን መሠረት አናውጠኸዋል አለው። ስሟ ከሄዘንና ከዩዊንግ ጋር ጎልቶ የወጣው ስለ ውቅያኖስ ወለል በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው።

በ1957 የወጣው የሰሜን አትላንቲክ ካርታዋ የራሱ ታሪክ አለው። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ጥልቀትን በቁጥርና በእኩል ጥልቀት መስመር የሚያሳይ ካርታ ለሕዝብ እንዳይወጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይከለክል ነበር፤ ለሰርጓጅ መርከብ መንገድ ይመራልና። ማሪ ቁጥሩን ትታ ወለሉን ውሃው ቢደርቅ ከሰማይ እንደሚታይ አድርጋ ሣለችው፤ ተራራው እንደ ተራራ፣ ሜዳው እንደ ሜዳ። ክልከላው ያስገደዳት ዘዴ ካርታዋን ተራ ሰው እንኳ የሚያነበው አደረገው። ልኬት በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ የካርታውን መግለጫ አኖሩበት። እሷ የቀድሞ ካርታ ሠሪዎች እንዳደረጉት ግማሽ አካላቸው ዓሣ የሆኑ ሴቶችንና የሰጠሙ መርከቦችን ልትስልበት አስባ ነበር፤ ሄዘን እንቢ አለ።

ሸለቆው መኖሩን ካላመኑት አንዱ ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ነው። በ1959 በኒውዮርክ ለሚደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የውቅያኖስ ጥናት ጉባኤ «ካሊፕሶ» በተባለች መርከቡ አትላንቲክን ሲያቋርጥ፣ ሸለቆው እንደሌለ ለማሳየት ካሜራ የታሰረበት ተንሸራታች በወለሉ ላይ አስጎተተ። ፊልሙ ላይ የወጣው ጥቁር የገሞራ ዐለት ገደል ነበር፤ ሸለቆው እዚያው ማሪ የሣለችበት ቦታ ላይ ነው። ኩስቶ ፊልሙን በጉባኤው ፊት አሳየ።

ነገሩ መኖሩ ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን ገና ነው። ሄዘን ሸለቆው የሚከፈተው ምድር በጠቅላላ እየሰፋች፣ እየተነፋች ስለሆነ ነው አለ። ተሳስቶ ነበር። ትክክለኛውን መንገድ የያዘው ሄስ ነው፤ በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከምድር ሆድ የሚወጣው ቅልጥ ዐለት በሰንሰለቱ አናት ላይ አዲስ ወለል እየሠራ አሮጌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደሚገፋ፣ አሮጌው ደግሞ በሌላ ዳርቻ ተመልሶ ወደ ውስጥ እንደሚሰምጥ ጻፈ። በ1963 ቫይንና ማቲውስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ይህ እውነት ከሆነ በወለሉ ዐለት ውስጥ የተቀረጸው የማግኔት አቅጣጫ በሰንሰለቱ ግራና ቀኝ እኩል መደገም አለበት አሉ። ማረጋገጫው በ1966 ከላሞንት ራሱ ወጣ፤ «ኤልታኒን» የተባለች መርከብ በደቡብ ፓስፊክ የቀዳችው የማግኔት መስመር ግራው ከቀኙ ጋር ፍጹም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት የአህጉራትን መንቀሳቀስ ሲቃወም የኖረ ተቋም በገዛ መረጃው ተረታ፤ መረጃውን ሳይጥል ለዓመታት ማከማቸቱ ክብሩ ነው።

በዚያው ጊዜ ዩዊንግና ሄዘን ተጣልተው ነበር፤ የጠቡ ዳፋ ለማሪም ተረፈ። ከተቋሙ ወጥታ ለዓመታት ከቤቷ ሆና ሠራች። ባሕር ላይ እንድትወጣ የተፈቀደላት በ1960ዎቹ ነው። ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ሃይንሪክ ቤራን የማሪንና የሄዘንን ሥራ ይዞ የዓለም ውቅያኖሶች ወለል የሚታይበትን ትልቅ ባለ ቀለም ካርታ ሣለ፤ በ1977 ታተመ። ሄዘን በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ከአይስላንድ አጠገብ በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ሳለ በ53 ዓመቱ ሞተ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1997 ማሪን ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አራት ታላላቅ ካርታ ሠሪዎች አንዷ ብሎ አከበራት። ላሞንትም በ2001 ሸለማት። በነሐሴ 2006 አረፈች።

ከዚያ አንድ ዓመት ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ መስመሯ የሚያልፍበት አፋር ተነሥቶ ነበር። አፋር ሦስት የመሬት ቅርፊት ክፋዮች የሚለያዩበት ቦታ ነው። ዐረቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትሄዳለች፣ የሶማሊያ ክፋይ ወደ ምሥራቅ ይሳባል፣ የቀረው አፍሪካ ወደ ምዕራብ ይቀራል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጡት የውቅያኖስ ስንጥቆች የሚገናኙት እዚህ ነው። ባሕሩ ከዚህ ቀደምም ገብቶበታል፤ ዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች መቶ ሃያ ሜትር ገደማ ያለው ረባዳ በጨው የተሞላው፣ ገብቶ የነበረው የቀይ ባሕር ውሃ ተንኖ ስለደረቀ ነው። የአፋር ሰዎች ዛሬም እየፈለጡ በግመል የሚጭኑት አሞሌ የባሕር ጨው ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳምንት በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆነ 163 መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። መስከረም 16 ቀን፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ደመራ ሊለኮስ ሲሰናዳ፣ ዳኡሬ በተባለ ቦታ መሬት ተሰንጥቃ አመድ ተፋች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከውጭ አገር የሄዱ ተመራማሪዎች የሳተላይት ልኬት ሲያሰሉ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም መስመር ቅልጥ ዐለት ከሥር ተሰንቅሮ መሬቷን እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ከፍቷታል። በዓመት በሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚከፈት ቦታ የብዙ መቶ ዓመት ድርሻውን በቀናት ወሰደ። እስከ 2010 ድረስ በዚያው መስመር ላይ ሌሎች 13 እንዲህ ያሉ ስንቅሮች ተከተሉ። በውቅያኖስ መካከል ከሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ውሃ በታች የሚሆነው ነገር በደረቅ መሬት ላይ፣ በእግር ተሂዶ በሚታይበት ቦታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተለካ።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ወደ ደቡብ፣ ወደ ፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች መጣ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው ሁሉ መንቀጥቀጡን ያስታውሰዋል፤ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ያሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደግሞ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። መንቀጥቀጦቹ የተነሡባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ ሰልፋቸው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል። ከሥር የተሰነቀረው ቅልጥ ዐለትም በዚያው አቅጣጫ ተገኘ። በፎስተር ጠረጴዛ ላይ የተሰለፉት ነጥቦች የእነዚህ ታላላቆች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የባቡር ሐዲድና አውራ ጎዳናው በመተሐራና በአዋሽ በኩል ሲያልፉ የሚረግጡት ይህንኑ የሸለቆ ወለል ነው፤ ድልድይ የሚሠራ፣ ቧንቧና ገመድ የሚዘረጋ መሐንዲስም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣውን የነጥብ ካርታ ገና ቦታ ሳይመርጥ ጠረጴዛው ላይ ሊዘረጋው ይገባል።